በእጅ የሚያዝ

ሞሚና ከጅዳ መሰርሰሪያ ላከች፤
«ገመድ አልባ ነው፥ ወንድሜ፥ ዘመናይ ነው» አለች።
በሰው ሻንጣ መጣ፥ ከቴምሩ ጋር አብሮ፣
በፎጣ ተጠቅልሎ፥ በፕላስተር ታስሮ።
ብፈታው፥ አረንጓዴ፤ ብይዘው፥ እጅ ሞላ፤
ቃታውን ሳብሁት፤
ዝም አለ እንደ ዱላ።

ግርጌው ባዶ ነው ለካ። አየር ማረፊያው ላይ
«በጭነት አይሄድም» ብለው ባትሪውን አውጥተውት ኖሯል፤
አካሉ ደሴ ገብቶ ነፍሱ ጅዳ ቀርቷል።

ቤታችን ዳውዶ ነው፥ ከዳገቱ ወገብ፤
ቆርቆሮው የጦሳ ነፋስ ሲነካው የሚርገበገብ፤
በሩን ስትከፍተው አብሮህ የሚመጣ፣
ቁም ሳጥኑ እግሩን ከነብሎኑ ያጣ።
የሉባባ መጋረጃ በአንድ ምስማር ሲያነክስ
ሦስት ዓመቱ ሆነ፥ «ነገ እሠራዋለሁ» ብዬ ስመልስ።

ሰኞ ገበያ ወረድሁ።
«አረንጓዴ ባትሪ?» ስለው ሙሄ «አብሽር» አለኝ፤
ዋጋውን ሲጠራው ግን ጉልበቴ ከዳኝ።
ከመሰርሰሪያው እጥፍ! ቻርጀሩ ለብቻው፤
እሱም ከኮምቦልቻ ታዝዞ ነው የሚመጣው።

«ስማኝ» አለ ሙሄ፥ መነጽሩን ሰቅሎ፣
ቢጫ፥ ቀይ፥ ሰማያዊ ባግዳሚው ላይ ቆልሎ፤
«ሰው ሁሉ ሲመጣ የሚያየው አፉን ነው፤
ስንት ይበሳል? ስንት ይዞራል? ጉልበቱስ እንዴት ነው?
ይሄ ሃያ የሚለውና ያ አሥራ ስምንት ያለው፣
ሀቂቃ፥ አቅማቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጉራው ነው።
አፍ አይደለም የሚገዛ፤ ግርጌውን ነው ማየት፤
ባትሪ ማለት ጋብቻ ነው፤ ይዞ ይመጣል አማት።
ዛሬ መሰርሰሪያ፥ ከርሞ መጋዝ ትላለህ፣
ፋኖስም ትላለህ፤
የቀዩን ባትሪ ይዘህ ቢጫ ደጅ ብትቆም
ስታንኳኳ ትውላለህ እንጂ፥ አይገባም፥ አይገጥም።»

ማታ ለሉባባ ነገርኋት። መብራት ሄዷል፤
ስልኳ ከድስቱ ዳር ቆሞ ያበራል።
አንገቷን ሳታቀና፥ ሽንኩርት እየላጠች፣
«የእንድሪስ ምን ዓይነት ነው?» ብላ ጠየቀች።

የእንድሪስ?
ከግንቡ ወዲያ ያለው፥ መሰላል የምንዋዋሰው፣
በኔ አካፋ በሱ ጋሪ አሸዋ የምናፍሰው።
ሰማያዊ ነው የሱ። ሁለት ባትሪ አለው።

«እንግዲያ» አለች፥ ቢላዋውን አስቀምጣ፣
«እኛም አንድ ብንገዛ ሦስት ነው ሲመጣ።
የነሱ መስመር ሌላ ነው፤ እኛ ጋ ሲጠፋ እዚያ እንሞላለን፤
እዚያ ሲጠፋ ደግሞ በግንቡ እንቀበላለን።
ቀለም ስታማርጥ፥ ቁጥር ስትደምር ከምትደክም፣
የጎረቤቴ ምንድን ነው? እሱ ነው የሚቀድም።»

ሰማያዊውን ገዛሁ።
በሩ ቀጥ አለ። መጋረጃው ማንከሱን ተወ።
ብሎኬቱን ስበሳ፥ አቧራው ቤቱን ሲሞላ፣
እንድሪስ በግንቡ ብቅ አለ፥ አፉ ጉርሻ እንደ ሞላ፤
«መዶሻው ላይ አዙረው! አትግፋው! ይሂድ በራሱ!»
ከዚያ ጠፋ። ምሳው ይቀዘቅዛል፥ ይመስላል፥ ለሱ።

መጨረሻ አንድ መደርደሪያ ሰቀልሁ፥ ከመስኮቱ አጠገብ፤
የሞሚናን አረንጓዴ አኖርሁት በአደብ።
ሙሄ ገዢ አምጥቶ ነበር፤ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶ።
«ይቆይ» አልሁት። ምክንያት አልነገርሁትም ከቶ።

ዓርብ ማታ ደወለች። «ሠራ ወይ?» አለች።
ከኋላዋ የሰው ልጅ ያለቅሳል፤ እሹሩሩ ትላለች።
ስድስት ዓመቷ ነው።
ውሸት ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።
«ባትሪው እኔ ጋ ተመልሷል፤ በሰው ልላከው?»
«አይሆንም» አልኋት፤ «ሕጉን ጠይቄያለሁ።
በጭነት አይሄድም፥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤
በእጅ ነው የሚያዝ፣
ከባለቤቱ ጋር፣
ከወንበሩ ሥር።
አንቺው ይዘሽው ነይ።»